ጣፋጩ አልቆ ሣጥኑ ሲቀር

በ1963 በሰሜን ስኮትላንድ በምትገኘው በኢንቨርነስ ከተማ አንድ የ16 ዓመት ልጅ «መንቺስ» የሚባል ቸኮሌት ገዝቶ በላ። መጠቅለያውን ሊጥል ሲል አንድ ሐሳብ ያዘው፤ ይህ ወረቀት ከተጣለ የዘመኑ አንድ ቁራጭ አብሮት እንደሚጠፋ ታየው። አልጣለውም። ልጁ ሮበርት ኦፒ ይባላል። እናትና አባቱ፣ አዮናና ፒተር ኦፒ፣ የእንግሊዝ ልጆች በየሜዳው የሚጫወቱትን ጨዋታ፣ እንቆቅልሽና ዜማ በመሰብሰብ ስማቸውን የተከሉ ተመራማሪዎች ነበሩ። ሌላው ከቁም ነገር የማይቆጥረውን ማክበር ለልጁ የቤት ትምህርት ነበር ማለት ይቻላል። ኦፒ ከዚያ ወዲህ መሰብሰቡን አላቆመም፤ በ1984 ግሎስተር ከተማ ውስጥ የማስታወቂያና የማሸጊያ ሙዚየም ከፈተ። ስብስቡ ኋላ ወደ ለንደን ተዛውሮ ዛሬ በኖቲንግ ሂል ሰፈር «የብራንዶች ሙዚየም» በሚል ስም ለሕዝብ ይታያል። (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከረሜላ አፍ ውስጥ የሚቆየው ለጥቂት ደቂቃ ነው። የለበሰው ወረቀት ወይም ያደረበት ቆርቆሮ ግን መቶ ዓመት ሊሻገር ይችላል። ይህ የሆነው በአጋጣሚ አይመስለኝም። ብዙዎቹ የድሮ የጣፋጭ ሣጥኖች ገና ሲሠሩ እንዳይጣሉ ታስበው የተሠሩ ናቸው፤ ፋብሪካው ጣፋጩን ለአንድ ምሽት፣ ሣጥኑን ደግሞ ለአንድ ዕድሜ ይሸጥ ነበር። ቤት ገብቶ መደርደሪያ ላይ ቦታ ያገኘ ሣጥን ለዓመታት በዝምታ ሲያስተምር ይኖራል። አንድ ሕዝብ ስለ ፍቅር፣ ስለ ጦርነት፣ ስለ ሌላው የሰው ዘር ምን ያስብ እንደነበር ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ከሐውልቶቹ ይልቅ የከረሜላ ጣሳዎቹን ቢመረምር የተሻለ እውነት ያገኛል ብዬ አምናለሁ።

ነገሩ የተጀመረው ግን ከውበት ሳይሆን ከፍርሃት ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ እንግሊዝ ውስጥ ጣፋጭ የሚሸጠው ተከፍቶ ነበር፤ ሻጩ ከመስታወት ዕቃ ዘግኖ፣ በሚዛን መዝኖ፣ በቁራጭ ወረቀት ጠቅልሎ ይሰጣል። ውስጡ ምን እንዳለ ገዢው የሚያውቅበት መንገድ አልነበረም። ስኳር ውድ ስለነበር አንዳንድ ሠሪዎች የጀሶ ዱቄትና የመሳሰለውን ይቀላቅሉ ነበር። በ1858 በብራድፎርድ ከተማ አንድ ከረሜላ ሠሪ ይህንኑ ዱቄት እንዲገዛለት ሰው ላከ፤ ከመድኃኒት ሻጩ ዘንድ በስህተት አርሴኒክ ተመዝኖ ተሰጠው። ሁለቱም ነጭ ዱቄት ናቸው። ከረሜላው ተሠርቶ ገበያ ወጣ፣ ሕፃናትና አዋቂዎች ገዝተው በሉ። ወደ 20 ሰዎች ሞቱ፣ ከ200 በላይ ታመሙ። በ1868 የወጣው የእንግሊዝ የመድኃኒት ንግድ ሕግ ከኋላው ካሉት ምክንያቶች አንዱ ይህ አደጋ ነበር።

ከእንዲህ ያለ ሐዘን በኋላ የታሸገ ዕቃ፣ ሠሪው ስሙን ጽፎ ኃላፊነቱን የወሰደበት ዕቃ፣ ለገዢው ምን ያህል እፎይታ እንደሆነ መገመት አያዳግትም። በበርሚንግሃም ቸኮሌት ይሠሩ የነበሩት የካድበሪ ወንድማማቾች ይህን ቀድመው ካወቁት ውስጥ ናቸው። ሆላንዳዊው ቫን ሁተን በ1828 ከካካዎ ፍሬ ቅባቱን ጨምቆ የማውጣት ዘዴ በስሙ አስመዝግቦ ነበር። ካድበሪዎች ማሽኑን አስመጥተው በ1866 ምንም ያልተቀላቀለበት የካካዎ ዱቄት ለገበያ አቀረቡ፣ ማስታወቂያቸውም ስለ ንጽህና ብቻ የሚናገር ሆነ። ዱቄቱ ሲወጣ ግን ቅባቱ ተረፈ። የተረፈውን ቅባት ለሚበላ ቸኮሌት አዋሉት፣ ቸኮሌቱ ደግሞ ማደሪያ አስፈለገው።

ከወንድማማቾቹ አንዱ ሪቻርድ ካድበሪ ሥዕል መሳል ይወድ ነበር። በ1868 የቸኮሌት ሣጥን ክዳን በገዛ እጁ በሳላቸው ሥዕሎች አስጌጦ አወጣ። ልጆች፣ አበባ፣ የተራራ ገጽታ፣ ድመት ያቀፈች ትንሽ ልጅ። በዚያው ዘመን ለፍቅረኞች ቀን የሚሆን የልብ ቅርጽ ያለው ሣጥንም እንዳወጣ ይነገራል። ሥዕል መግዛት የማይችል ቤተሰብ በዚህ ሣጥን ሥዕል ወደ ቤቱ አስገባ። ሴቶች ባዶውን ሣጥን የፍቅር ደብዳቤ፣ የፀጉር ዘለላ፣ ጥብጣብ ያስቀምጡበት ጀመር። ካድበሪ ይህን የሚያደርጉ ሰዎችን ልማድ ያጠና ሰው ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ከዚያ በኋላ የመጡት ሣጥኖች የጌጥ ማስቀመጫ የሚመስል ክዳንና ውስጣቸው ሐር የለበሰ እስኪሆኑ ድረስ ተራቀቁ።

ካርቶን ግን ይልፈሰፈሳል፣ እርጥበት ያበላሸዋል። ዕድሜ የሚሰጠው ቆርቆሮ ነው። ቆርቆሮ ላይ ሥዕል ማተም ደግሞ ለረጅም ጊዜ ችግር ሆኖ ኖሯል። ሊቶግራፊ በሚባለው የዚያ ዘመን ማተሚያ ሥዕሉ ያለው በድንጋይ ላይ ነው። ወረቀት ለስላሳ ስለሆነ ድንጋዩ ላይ ሲጫን ቀለሙን ይቀበላል፤ ቆርቆሮና ድንጋይ ግን ሁለቱም ጠጣር ስለሆኑ አይስማሙም፤ ቀለሙ ይዘላል፣ መስመሩ ይቆራረጣል። በ1875 ሮበርት ባርክሌይ የተባለ እንግሊዛዊ መፍትሔውን በስሙ አስመዘገበ። ሥዕሉን ከድንጋዩ በቀጥታ ወደ ቆርቆሮው ከማሳለፍ ይልቅ መጀመሪያ በመሐል ወደሚሽከረከር ለስላሳ ገጽ አሳለፈው፣ ከዚያ ወደ ቆርቆሮው። ለስላሳው ገጽ መጀመሪያ የተዘጋጀ ካርቶን ነበር፣ ቆይቶ ጎማ ሆነ። ዘዴው ቀላል ይመስላል፤ ውጤቱ ግን ከብስኩት ጣሳ አልፎ ሄደ። በ1904 አካባቢ አሜሪካ ውስጥ አይራ ሩብል የተባለ አታሚ ያንኑ የጎማ አሠራር ለወረቀት አዋለው፤ ዛሬ ኦፍሴት የምንለው ኅትመት ማለት ነው። ጋዜጣው፣ የመማሪያ መጽሐፉ፣ የቀን መቁጠሪያው ሁሉ የሚታተምበት ጥበብ አስቀድሞ የተፈተነው በቆርቆሮ ላይ ነው። ስለ ኅትመት ታሪክ ሲጻፍ የጉተንበርግ ስም አይጠፋም፣ የባርክሌይ ግን እምብዛም አይነሳም። ይህ ሊታረም የሚገባው ነገር ነው።

ባርክሌይ በሩን ከከፈተው በኋላ ውድድሩ ጦፈ። በሬዲንግ ከተማ የነበረው ሀንትሊ እና ፓልመርስ የብስኩት ፋብሪካ በየገናው አዲስ ቅርጽ ያለው ጣሳ ያወጣ ነበር። በማሰሪያ የታሰሩ ስምንት መጻሕፍት የሚመስል ጣሳ ከነዚህ በጣም የታወቀው ነው፤ የመጽሐፉ ጀርባ፣ የማሰሪያው ዘለበት፣ የቆዳው መጨማደድ ሳይቀር በቆርቆሮ ላይ ታትሟል። እነዚህ ጣሳዎች የእንግሊዝ መርከብ በደረሰበት ሁሉ ደረሱ። ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን በኡጋንዳ የሆነው ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ መጽሐፍ ቅዱስ በሉጋንዳ ቋንቋ ሲታተም ምስጡ መጽሐፉን እንዳይበላው ተፈራ። ስለዚህ መጽሐፉ በብስኩት ጣሳ ውስጥ ልክ እንዲገባ ሆኖ ወፍራምና አጭር ተደርጎ ታተመ፤ «የብስኩት ጣሳ መጽሐፍ ቅዱስ» የሚል ስምም ወጣለት። ጣሳው ለመጽሐፉ አልተሠራም፣ መጽሐፉ ነው ለጣሳው የተሠራው። የሬዲንግ ፋብሪካ ይህን አላሰበውም። አማኞቹ ግን በእጃቸው የገባውን ዕቃ ለራሳቸው ከፍ ላለ ነገር አዋሉት።

አሁን ወደ አንድ ጣሳ ልመለስና ረዘም ላድርገው፤ የዚህ ምዕራፍ ነገር በሙሉ እሱ ውስጥ አለና።

በ1899 መገባደጃ እንግሊዞች በደቡብ አፍሪካ ቦር ከሚባሉት ነጭ ሰፋሪዎች ጋር ጦርነት ገጥመው ነበር፣ ጦርነቱም አልቀናቸውም። ንግሥት ቪክቶሪያ ለአዲሱ ዓመት ለእያንዳንዱ ወታደር በግላቸው ስጦታ ለመላክ ወሰኑ። ስጦታው ግማሽ ፓውንድ ቸኮሌት ነበር፣ ወደ 227 ግራም። ትእዛዙ የደረሳቸው ሦስቱ ታላላቅ ቸኮሌት ሠሪዎች፣ ካድበሪ፣ ፍራይና ራውንትሪ ናቸው። የሦስቱም ባለቤቶች የኩዌከር እምነት ተከታዮች ነበሩ። ኩዌከሮች ጦርነትን ያወግዛሉ፤ ወደ ካካዎ ንግድ ከሳባቸው ነገር አንዱም ለአልኮል መጠጥ ምትክ የሚሆን ነገር ለሕዝብ ለማቅረብ የነበራቸው ፍላጎት ነው። የንግሥቲቱን ትእዛዝ እምቢ ማለት አልቻሉም። ከጦርነት አትርፈው መብላትም ሕሊናቸው አልፈቀደም። ስለዚህ ክፍያ አንቀበልም አሉ፣ ስማችንም በጣሳው ላይ አይጻፍ አሉ። ንግሥቲቱ ደግሞ ወታደሮቻቸው የሚበሉት ጥሩ የእንግሊዝ ቸኮሌት መሆኑን እንዲያውቁ ይፈልጉ ነበር። በመጨረሻ ጣሳው የፋብሪካ ስም ሳይኖረው ተሠራ፤ ከቸኮሌቱ አንዳንዱ ላይ ግን የሠሪው ስም ነበር።

ጣሳው ቀይና ሰማያዊ ነው፣ በወርቃማ ጌጥ የተከበበ። የንግሥቲቱ ምስል መሐሉ ላይ፣ «ደቡብ አፍሪካ 1900» የሚል ጽሑፍ፣ በእጅ ጽሑፋቸውም የመልካም አዲስ ዓመት ምኞት አለበት። በወታደር ስልቻ ውስጥ እንዲመች ማዕዘኖቹ ክብ ተደርገዋል። ከ100,000 በላይ ጣሳ ተላከ። ብዙ ወታደሮች የተሰጣቸውን ምን አደረጉት? አልበሉትም። በፖስታ ወደ እናታቸው፣ ወደ ሚስታቸው መለሱት። በረሃብና በበሽታ መካከል ያለ ወታደር ቸኮሌት ሳይነካ ወደ ቤቱ ሲልክ፣ እየላከ ያለው ምግብ እንዳልሆነ ግልጽ ነው።

በ2021 የብሪታንያ የቅርስ ጥበቃ ማኅበር፣ ናሽናል ትረስት፣ በኖርፎክ አውራጃ በሚገኘው ኦክስበርግ ሆል በተባለ አሮጌ ቤት ውስጥ ከእነዚህ ጣሳዎች አንዱን አገኘ። የቤቱ ጌታ የነበረው መኮንን ከጦርነቱ ይዞት ተመልሶ በራስ ቁሩ ማኅደር ውስጥ አስቀምጦት ኖሯል። ጣሳው ሲከፈት ቸኮሌቱ 121 ዓመት ሆኖት እንዳለ ተገኘ። አንድ ሰው ወደ ጦርነት ሄዶ፣ ተመልሶ፣ አርጅቶ እስኪሞት ድረስ ያንን ቸኮሌት አልበላውም። ከኩዌከሮቹ ሕሊና፣ ከንግሥቲቱ ፖለቲካ፣ ከወታደሩ ናፍቆት የትኛው በጣሳው ውስጥ እንደሚበልጥ ለመለየት ያስቸግራል። ሦስቱም አሉበት። በመጻሕፍት ውስጥ ለየብቻ የምናነባቸው ነገሮች በአንድ የእጅ መዳፍ በሚያህል ቆርቆሮ ላይ አንድ ላይ ተቀምጠዋል።

ሁሉም ሥዕል እንዲህ ከባድ ታሪክ ያለው አይደለም። በሆላንድ፣ በሃርለም ከተማ፣ የድሮስተ ፋብሪካ ከ1904 አካባቢ ጀምሮ በካካዎ ጣሳው ላይ ነጭ ቆብ ያደረገች ነርስ ያትም ነበር። ነርሷ ትሪ ይዛለች፣ ትሪው ላይ ያው የካካዎ ጣሳ አለ፣ በዚያ ጣሳ ላይ ያችው ነርስ ያንኑ ጣሳ ይዛለች፣ እንዲህ እያለ ዓይን እስከማይለየው ይቀጥላል። የሆላንድ ልጆች ቁርሳቸውን ሲበሉ ማለቂያ ስለሌለው ነገር ያሰቡት ከዚህ ጣሳ ነው። ዛሬ የሒሳብና የሥነ ጥበብ ሰዎች ራሱን በራሱ ውስጥ የሚደግም ምስል ሲያጋጥማቸው «የድሮስተ ውጤት» ይሉታል። ለነርሷ መነሻ ሆኗል የሚባለው ዣን ኤቲየን ሊዮታር በ1740ዎቹ የሳለው ቸኮሌት የምታቀርብ ወጣት ሥዕል ነው፤ ዋናው በድሬስደን ሙዚየም አለ። ያንኑ ሥዕል የአሜሪካው ቤከር የቸኮሌት ፋብሪካም ለንግድ ምልክትነት ወስዶታል።

እንግዲህ ስለ ውበቱ ብቻ ተናግሮ ማለፍ አይቻልም። ካካዎው ከየት ይመጣ ነበር? ከሐሩር አገሮች፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ በአብዛኛው ከምዕራብ አፍሪካ። አፍሪካዊው በጣሳው ላይ ሲታይ ግን ገበሬ ሆኖ አይታይም፤ የሚያስቅ አሽከር ሆኖ ነው። በፈረንሳይ ባናኒያ የተባለው የካካዎና የሙዝ ዱቄት ከ1915 ጀምሮ በቀይ ባርኔጣ የሚስቅ የሴኔጋል ወታደር በጣሳውና በፖስተሩ ላይ አወጣ፤ ከሥሩም በተሰባበረ ፈረንሳይኛ የተጻፈ መፈክር ነበር። በዚያው ዓመት እውነተኞቹ የሴኔጋል ወታደሮች ለፈረንሳይ በጦር ሜዳ ይሞቱ ነበር። ባለቅኔው ሊዮፖልድ ሴዳር ሴንጎር፣ ኋላ የሴኔጋል የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት፣ በ1948 ባሳተመው የግጥም መድበል መክፈቻ ላይ ይህን ሳቅ በስሙ ጠርቶ ተነሣበት። ፍርድ ቤት ፋብሪካው መፈክሩን እንዲያቆም ያዘዘው ግን በ2011 ነው። በጀርመን የሳሮቲ ቸኮሌት ከ1918 ጀምሮ ትሪ የያዘ ጥቁር ልጅ ምልክቱ ነበር፤ በ2004 የቆዳውን ቀለምና ትሪውን ለውጦ አስማተኛ አደረገው። በጣሊያን ደግሞ በ1884 በቱሪን በተደረገው ትልቅ ዐውደ ርዕይ ከቀይ ባሕር ዳርቻ ከአሰብ የመጡ ሰዎች ለሕዝብ እንደ ትርዒት ቀርበው ነበር፤ ቱሪን ባለችበት በፒዬድሞንት ክፍለ አገር በእነሱ ስም «አሳቤዚ» የሚባል የካካዎ ብስኩት አለ።

እነዚህን ሣጥኖች ማቃጠል አለብን የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። በሙዚየም መደርደሪያ ላይ፣ ከጎኑ እውነተኛው ታሪክ ተጽፎ፣ ሊቀመጡ ይገባል። ንቀት በፓርላማ ንግግር ብቻ አልተስፋፋም፤ በልጆች ቁርስ ላይ ጣፍጦ ነው የገባው። ይህን የሚመሰክር ከጣሳው የተሻለ ማስረጃ የለም።

የጣሊያን ነገር ከተነሣ አንድ ልጨምር። በ1934 «አራቱ ሙስኬቴሮች» የሚባል አስቂኝ የሬዲዮ ትርዒት ተጀመረ፣ ወጪውን የሚሸፍኑት የፔሩጂና ቸኮሌትና የቡይቶኒ ፓስታ ፋብሪካዎች ነበሩ። በምርቶቻቸው ውስጥ አንጀሎ ቢዮሌቶ የሳላቸው 100 ትናንሽ የገጸ ባሕርያት ሥዕሎች ይገኙ ነበር። ሁሉንም ሰብስቦ አልበሙን የሞላ ሽልማት ያገኛል፤ 150 አልበም ላመጣ ፊያት ቶፖሊኖ መኪና ይሰጠው ነበር። «ጨካኙ ሳላዲን» የተባለው ሥዕል እጅግ ጥቂት ስለነበር አገሩ በሙሉ ያሳድደው ጀመር። ሥዕሉ በየቦታው እንደ ገንዘብ ተሸጠ፣ በ1937 በስሙ ፊልም ተሠራ፣ በመጨረሻም መንግሥት ጣልቃ ገብቶ እንዲህ ያለውን ውድድር ከለከለ። ይህ ሁሉ ግርግር የነበረው በየትኞቹ ዓመታት እንደሆነ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ሳይነገረው ያውቃል። በግንቦት 1936 የጣሊያን ጦር አዲስ አበባ ገባ። ከዚያም የካቲት 12 መጣ። በሚላኖና በሮም ያለ ቤተሰብ በዚያው ወራት ጭንቀቱ የሳላዲን ሥዕል ነበር። ይህንን በተራው ጣሊያናዊ ለመፍረድ አልጽፈውም፤ አንድ አገር ሌላውን እየወጋ የራሱን ልጆች በምን እንደሚያጫውት ስለሚያሳይ ነው።

በሶቭየት ኅብረት መጠቅለያ ሌላ ዕድል ገጠመው። የሚሸጥ ዕቃ በየሱቁ በማይበዛበት አገር ያማረ ወረቀት ራሱ ሀብት ነበር። ልጆች የከረሜላ ወረቀት አጥፈው በመዳፍ እየመቱ ይበላሉበት፣ የተበሉትም ያለቅሱበት ነበር። «ሚሽካ» የሚባለው ከረሜላ ገና ከአብዮቱ በፊት ወጥቶ አብዮቱንም፣ ጦርነቱንም፣ የመንግሥቱን መፍረስም ተሻግሯል። ወረቀቱ ላይ ያለው በ1889 ኢቫን ሺሽኪን የሳለው የጥድ ጫካና ድቦች ሥዕል ነው። ድቦቹን የሳለው ባልደረባው ሳቪትስኪ ነበር፤ ሥዕሉን የገዛው ትሬትያኮቭ ግን የሳቪትስኪን ፊርማ አስፍቆ አስጠፋው። ወደ ሙዚየም ገብቶ የማያውቅ ገበሬ ሳይቀር ያንን ሥዕል በከረሜላ ያውቀዋል። ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ደግሞ ሻሽ ያሰረችው ክብ ፊት ሕፃን በቸኮሌት መጠቅለያ ላይ መጣች፣ «አሊዮንካ»። አንድ የፎቶ ጋዜጠኛ በ1960 ካነሣው የገዛ ልጁ ፎቶግራፍ ላይ ተነሥቶ የፋብሪካው ሠዓሊ ኒኮላይ ማስሎቭ ነው የሳላት። በ1970ዎቹና በ80ዎቹ ወደዚያ አገር ለትምህርት የሄዱት በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ይህችን ፊት በየሱቁ መደርደሪያ አይተዋታል፤ ለዕረፍት ሲመለሱም ሻንጣቸው ውስጥ ይዘዋት የመጡ አይጠፉም።

በሃሊፋክስ ከተማ የነበረው የማኪንቶሽ ፋብሪካ በ1936 ያወጣው «ኳሊቲ ስትሪት» ለእኛ የበለጠ ይቀርባል። እስከዚያ ድረስ በሣጥን የሚቀርብ ቸኮሌት የሀብታም ነገር ነበር፤ እያንዳንዱ ፍሬ በእጅ በየጉድጓዱ ይደረደራል። ሃሮልድ ማኪንቶሽ እያንዳንዱን ፍሬ በማሽን በተለያየ ቀለም ጠቅልሎ ሁሉንም በአንድ ጣሳ ውስጥ አፈሰሰው። ጣሳው ሲከፈት ቀለሙና ሽታው አብሮ ይወጣል፣ ዋጋው ደግሞ የሠራተኛ ቤተሰብ የሚችለው ሆነ። ስሙን የወሰደው ከጄ. ኤም. ባሪ ትያትር ነው፤ ጣሳው ላይም የጥንት ልብስ የለበሱ መኮንንና ወይዘሮ ተሳሉ። ዘመኑ ሥራ አጥነት የበዛበት፣ ጦርነት የሚያጉረመርምበት ነበርና ሰው ያለፈውን መናፈቁ አያስገርምም። በ2022 የምርቱ ባለቤት ኔስሌ ከ11ዱ ጣፋጮች የ9ኙን አንጸባራቂ መጠቅለያ ወደ ወረቀት ሲለውጥ ብዙ እንግሊዛውያን አዘኑ፤ በልጅነታቸው ቀይና ሐምራዊውን ላስቲክ ዓይናቸው ላይ አድርገው ዓለምን ያዩበት ነበር። ለአካባቢ ሲባል የተደረገው ትክክል ነው እላለሁ፤ ኀዘኑም ግን እውነተኛ ነው።

በባሕረ ሰላጤው አገሮች ይህ ጣሳ እስከ ዛሬ የሚጠራው «ማኪንቶሽ» ተብሎ ነው፣ ለእንግዳ ማቅረቢያና ለበዓል ስጦታም የታወቀ ነው። በጅዳ፣ በኩዌት፣ በዱባይ ቤቶች የሠሩ እህቶቻችን ያውቁታል። የውጭ ጣፋጭ ወደ ብዙ ቤቶቻችን የገባው በእንዲህ ያሉ እጆች ነው። ጣፋጩ ለጎረቤት ልጆች ተከፋፍሎ በአንድ ቀን ያልቃል። ጣሳው ይቀራል፤ መርፌና ክር፣ የዕድር ደረሰኝ፣ ጉርድ ፎቶግራፍ፣ የልጅ የክትባት ካርድ ይገባበታል። በገበያ ደግሞ እህልና ቅመም በጣሳ ይሰፈራል። ከዚያ የተረፈውን ቆራሌው ወስዶ ምናለሽ ተራ ያደርሰዋል፣ እዚያ ተቀጥቅጦ ኩራዝ ወይም ማንቆርቆሪያ ይሆናል። ምንም የማይባክንበት ይህ ልማድ የሚያኮራ ነው። በዚያው ልክ ግን የአንድ ትውልድ ማስታወሻ በመዶሻ ሥር ያልፋል። የራሳችን ፋብሪካዎች የከረሜላ፣ የማስቲካና የብስኩት መጠቅለያዎችም አሉ፤ የአማርኛ ፊደል ሠዓሊዎች የነደፏቸው፣ ልጆች በሳንቲም የገዟቸው። የእነሱ ዕድሜ ከቆርቆሮው በጣም ያነሰ ነው።

ስለዚህ ይህን መጽሐፍ ለሚያነቡ አንድ ልመና አለኝ። ቤትዎ ውስጥ የቆየ የጣፋጭ ወይም የብስኩት ጣሳ ካለ ለቆራሌው ከመስጠትዎ በፊት እናትዎን ወይም አያትዎን ይጠይቁ። ማን አመጣው፣ ከየት፣ በስንት ዓመተ ምሕረት፣ ከዚያ በኋላ ምን ተቀመጠበት የሚለውን በትንሽ ወረቀት ጽፈው ጣሳው ውስጥ ይክተቱ። የአገር ውስጥ ከረሜላ ወረቀት ካገኙ ዘርግተው በመጽሐፍ መሐል ያስቀምጡት፤ ፀሐይ ቀለሙን ስለሚያጠፋው ከመስኮት ያርቁት። ጠይቀው የሚጽፉት ግን አሁን ነው፤ ጣሳውን ያመጡት ሰዎች ብዙዎቹ አርጅተዋል።